የተቀዳ ምርቃት

ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። ራሄል ገመዱን ነቅላ መልሳ ሰካችው። አሁንም ቀጭ፣ ቀጭ፤ ከዚያ ዝም። ኮምፒውተሩ ዲስክ የሚባል ነገር መሰካቱንም አላወቀ።

«ምነው ልጄ፣ እምቢ አለሽ?» አሉ ጋሽ ከዲሮ።

«ገመዱ ነው ጋሼ፤ አርጅቷል መሰለኝ። ቅዳሜ እኔው ራሴ ድምፁን ሁሩታ ድረስ ይዤላችሁ እመጣለሁ።»

ገመዱ አለመሆኑን ልቧ ያውቃል። ግን ከፊቷ የተቀመጡትን ሁለት ሽማግሌዎች ዓይን ዓይናቸውን እያየች እውነቱን ለመናገር አፏ አልታዘዘላትም። ጋሽ ከዲሮ የሁሩታ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ወሬያቸው ለሁለት ሰው ይበቃል፤ የሚያወሩትም ለሁለት ሰው ነው። አጠገባቸው የተቀመጡት የልጅነት ወዳጃቸው ጋሽ ሣህሌ አይናገሩማ። አዲስ አበባ ላይ ሐኪሞች ከጉሮሯቸው ክፉውን በሽታ ሲያወጡ ድምፃቸውም አብሮ ወጥቷል። ጋሽ ሣህሌ በእጃቸው ይጠቁማሉ፣ ጋሽ ከዲሮ ይተረጉማሉ፤ አንዳንዴም ሳይጠቆሙ ይተረጉማሉ።

የስንቱ ለፍላፊ ድምፅ እያለ የጋሽ ሣህሌ መወሰዱ ነው እንግዲህ የሚያንገበግበው። በሁሩታ ዙሪያ ልጅ የሚድር ሁሉ «ሣህሌ ካልመረቀ ሠርግ አይባልም» ይል ነበር። ሙሽራ ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ረጋ ባለ ድምፅ ሲመርቁ ድንኳኑ በአሜን ይናወጣል። ራሄል ሠርግ ስትቀርጽ ስንቴ ካሜራዋን እንደያዘች አብራ አሜን ብላለች። የሰውን ልጅ ሁሉ መርቀው ሲያበቁ፣ የገዛ ልጃቸው የማሂ ሠርግ ሲቃረብ ጉሮሯቸው ተያዘ።

ለሕክምና ሊሄዱ ሰሞን ከጋሽ ከዲሮ ጋር አሰላ፣ እዚሁ ስቱዲዮዋ መጥተው ነበር። ራሄል መቅጃውን ከፍታላቸው ከክፍሉ ወጣች፤ ጋሽ ከዲሮ ብቻ «እኔ ከሱ አልለይም» ብለው ጥግ ላይ ቀሩ። ጋሽ ሣህሌም ማሂ ጉልበታቸው ሥር ያለች ይመስል መረቋት። ሲጨርሱ በሻከረ ድምፅ ራሄልን ጠርተው፣ «ይህን እስከ ሠርጓ ቀን ማንም እንዳይሰማው፣ አንቺም ብትሆኚ። ቀድሞ የተሰማ ምርቃት ይሳሳል። የሰማይ የምድር አደራ» አሏት።

ራሄልም አደራዋን ጠበቀች። ድምፁን መጠባበቂያ ዲስክ ላይ አስቀድታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበትና አንድም ቀን ከፍታ አላየችውም። አደራ መጠበቅ ማለት አለመንካት መስሏት ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ኮምፒውተሯን በረበረች። የጋሽ ሣህሌ ስም የተጻፈበት ፎልደር አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ወዲያው ሙቢናን ጠራቻት። ሙቢና አብራት የምትሠራ ፎቶ አንሺ ናት፤ ጠንቃቃ፣ የተዝረከረከ ነገር ዓይኗን የሚወጋት።

«ሙቢ፣ የጋሽ ሣህሌን ድምፅ ምን አደረግሽው? እዚህ የለም።»

«ዲስኩ ላይ ነዋ! አንቺው አይደለሽ ወደ ዲስኩ ቅጂው ያልሽኝ?»

«ቅጂው አልኩሽ እንጂ ከዚህ አጥፊው አልኩሽ?»

«ኧረ ወላሂ አላጠፋሁትም! ቀዳሁት፤ ከዚህ አንስቼ እዚያ አደረግኩት። ውሃ ከቀዳሽ በኋላ ከቀዳሽበት ይጎድል የለ እንዴ ራሂ?»

አማርኛ እንዲህ ነው። ውሃ ይቀዳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ድምፅ ይቀዳል፣ ጽሑፍም ይቀዳል። ጽሑፍ ሲቀዳ ዋናው በቦታው ይቀራል፤ ጠላ ሲቀዳ ግን ጋኑ ይጎድላል። ራሄል የጽሑፉን ብላ ተናገረች፣ ሙቢና የውሃውን ሰማች። ሙቢና ቤቷ የምታወራው ኦሮምኛ ስለሆነ ነው እንዳይባል፣ በኦሮምኛም ውሃ መቅዳትና ድምፅ መቅዳት አንድ ቃል ነው። እንዲህ ሆኖ ሁለት ቦታ አለ የተባለው ድምፅ ከመጀመሪያውም አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

ራሄል ልትቆጣ አፏን ከፈተች። የሙቢና ዓይን እንባ ማቅረሩን ስታይ መልሳ ዘጋችው። «ተይ አታልቅሺ» አለቻት። «አንቺ ያልኩሽን አደረግሽ። አንድ ቀን ከፍቼ ባየው ኖሮ ይኼን ጊዜ እንስቅበት ነበር።»

ዲስኩን ይዘው ኮምፒውተር ጠጋኙ ዑራኤል ዘንድ ሄዱ። ዑራኤል ገመድ ቀየረ፣ መሰኪያ ቀየረ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከረ። ከዚያ ጆሮውን ዲስኩ ላይ ለጥፎ አዳመጠና ቶሎ ነቀለው።

«ውስጡ ነው የተጎዳው። ከእንግዲህ አትሰኪው፤ በተሽከረከረ ቁጥር ራሱን ይፍቃል። አዲስ አበባ የሚከፍቱት ሰዎች አሉ፤ ግን ለእሑዱ ሠርግ አይደርስም፤ ቢደርስም ይወጣል ብዬ አልምልልሽም።»

«ኮምፒውተሩስ? የተነሣበት ቦታ ላይ ርዝራዥ አይቀርም?»

«ወዲያው ቢሆን ይቀር ነበር። ሌላ ነገር ጫንሽበት?»

የጥር ሙሽሮች ሁሉ ተጭነውበታል። እንዲያም ሆኖ ዑራኤል ስቱዲዮዋ ድረስ መጥቶ የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም አሰሰ። ያገኘው ዲክሲስ ከተማ የተቀረጸ የሠርግ ጭፈራ ቁርጥራጭ ብቻ ነው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «አንድ ቅጂ ማለት ምንም ማለት ነው፣ ራሄል። ሁለትም ሆነው አንድ ቤት ካደሩ አንድ ሌባ ይወስዳቸዋል። ደግሞ ከፍተሽ ያላየሽውን ቅጂ አለኝ አትበይ» አላት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልትለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሰውየው ደግ ነውና ተወችው።

ዓርብ ዕለት ሰይጣን ሹክ አላት። ጋሽ ሣህሌ የመረቁባቸው የቆዩ ሠርጎች እጇ ላይ አሉ። የሌላዋን ሙሽራ ስም ቆርጦ ማውጣት፣ የቀረውን መቀጠል ለእሷ ቀላል ሥራ ነው። አንዱን ከፈተችው። «ጓዳሽ አይጉደል፣ ደጅሽ አይዘጋ» እያሉ ነው፤ ያ ድምፅ፣ ያ እርጋታ። ከሥራቸው የተንበረከከችው ግን የሌላ ሰው ልጅ ናት። ራሄል እጇ ማውሱ ላይ ብዙ ቆየ። ኋላ ግን የሌላ ሰው ምርቃት ሰርቃ ለማሂ መስጠት ለራሷ አስጠላት፤ ዘጋችው።

ቅዳሜ ኢተያ ላይ መኪና ቀይራ ሁሩታ ገባች። ስንዴው ታጭዶ ገለባው በየማሳው ተከምሯል። የጋሽ ሣህሌ ግቢ ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ማሂ ፀጉሯን ተሠርታ ከወዲያ ወዲህ ትላለች። «መጣልኝ ያባዬ ድምፅ!» ብላ ስታቅፋት ራሄል ጀርባዋን መታ መታ አድርጋ ወደ ጓዳ አለፈች።

ጋሽ ሣህሌ ብቻቸውን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ቁጢጥ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቅጂውን፣ ዲስኩን፣ አለመክፈቷን። ሰው ሲቆጣ ቢጮህ ይሻላል፤ የማይጮህ ሰው ፊት መቀመጥ እንዴት ከባድ ነው! ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ዳሰስ አደረጉ። አፋቸውን ከፍተው አንድ ነገር ሊሉ ታገሉ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ከዚያ ያንኑ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉት። ስድብ ብትሰማ ኖሮ ራሄል እንደዚያ አታለቅስም ነበር።

በሩ ላይ ጋሽ ከዲሮ ቆመው ኖሯል። ራሄል ዓይኗን እየጠረገች ስትወጣ ክንዷን ይዘው ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዷት። ያ ሁሉ ወሬያቸው የት እንደገባ እንጃ።

«ልጄ፣ ሰው እንዳይሰማ። እኔ ጥፋት ሠርቻለሁ።»

«ምን አጠፉ ጋሼ?»

ከደረት ኪሳቸው መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አወጡ። «ያን ቀን አንቺ ዘንድ ሲመርቅ ይኼን ኪሴ ውስጥ ከፍቼው ነበር። ያ ረቢ፣ አዲስ አበባ ከሄደ ባይመለስስ ብዬ ፈራኋ! ሰውየው ተመለሰ፣ ድምፁ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ሱቄን ስከፍት እሰማዋለሁ። የኔ አይደለም፣ የማሂ ነው፤ አውቃለሁ። ቀድሞ ከተሰማ ይሳሳል ብሏል፤ እኔ በየቀኑ እየሰማሁ አሳሳሁት። ግን ምን ላድርግ፣ ናፈቀኝ። አጠገቤ ተቀምጦ ይናፍቀኛል።»

ራሄል ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለች። አሁን ማንንም አላመነችም፤ ራሷንም ጭምር። ለራሷ በቴሌግራም ላከች፣ አሰላ ለሙቢና ላከች፣ በያዘችው ላፕቶፕና ፍላሽ ላይ ገለበጠች። ሙቢናንም ደውላ፣ «እንዳትቀጂው! ይኼ አንዱ እዚያው ይቀመጥ፣ ሌላ ደግሞ አባዢ፤ ሁለቱንም ከፍተሽ ስሚ» አለቻት። ራሷም የደረሰውን ሁሉ በየተራው ከፍታ እስከ መጨረሻው በጆሮ ማዳመጫ ሰማችው።

ኪስ ውስጥ የተቀዳ ስለሆነ ጨርቅ ሲፋተግ ይሰማል። የጋሽ ሣህሌ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ አለ። ከየምርቃቱ ኋላ ደግሞ፣ ለስልኩ ቅርብ ስለሆኑ ይመስላል፣ ጋሽ ከዲሮ በሹክሹክታ «አሚን» ይላሉ። መጀመሪያ ረጋ ብለው ነው፤ እየቆየ ሹክሹክታው ሳግ ይገባበታል። ወደ መጨረሻው አሚን መሆኑም አይለይም፤ ልቅሶ ነው።

«እሷን ቁረጫት» አሉ ጋሽ ከዲሮ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ሽማግሌ ሲያለቅስ በሰው ሠርግ ይሰማል? ስሜንም አታንሺ። ተገኘ ብቻ በይው።»

ራሄል አንገቷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ይሁን እምቢ ሳይታወቅ።

እሑድ ማሂ ነጭ በነጭ ሆና ከሙሽራው ጋር ወጣች። ጋሽ ሣህሌ ካባቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ከዲሮ ከጎናቸው። ማሂ ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ራሄል ከድምፅ ማጉያው ኋላ ሆና ላፕቶፑን ነካ አድርጋ ድምፁን ለቀቀችው።

«ማሂ ልጄ፣ የወጣሽበትም የገባሽበትም ቤት ይባረክ…»

ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ቢላዋ እንደያዙ መጡ። «አሜን!» አለ ድንኳኑ፤ ከዚያ በፊት ግን ከማጉያው ውስጥ አንድ ቀጭን «አሚን» ቀድሟቸዋል። ሰው ዘወር ዘወር አለ። ሁለተኛው ላይ የሁሩታ ሰው ሁሉ ድምፁን ለየው። ራሄል ከቅጂው አንዲት ትንፋሽ አልቆረጠችም። ጋሽ ከዲሮ ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ሸሸጉ፤ የሚገቡበት ጠፋቸው።

ምርቃቱ እያለቀ ሲሄድ ልቅሶው ከማጉያው ጎልቶ ወጣ። ጋሽ ሣህሌ ያን ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የመረቁት፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው ወዳጃቸው ማልቀሱን እስከዚያች ደቂቃ አያውቁም። «አብራችሁ ለማርጀት ያብቃችሁ» ብሎ ድምፃቸው አበቃ። ማሂ በእንባ ታጥባ ቀና ስትል አባቷ ግን እሷን አያዩም።

ጋሽ ሣህሌ ወደ ጎናቸው ዞረው የጋሽ ከዲሮን ኮፍያ በእጃቸው ቀና አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑና ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ምን እንዳሉ የሰማ የለም፤ ረጅም ነበር። ከንፈራቸው አረፍ ባለ ቁጥር ጋሽ ከዲሮ፣ ትርጉም የለ፣ ወሬ የለ፣ «አሚን» ብቻ ይላሉ፤ «አሚን»።