የሸራው ጥላ

ማናንጃራ በታንኳዋ ሆድ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ሰማዩን ያያል። ጅራቱ መርዛም የሆነ አሳ እግሩን ከወጋው ሦስት ቀኑ ነው፤ እግሩ አብጦ ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል። ትናንት እሱንና ሚስቱን አንድ አሸዋማ ደሴት ላይ ድንኳን ሆኖ ያሳደራቸው ሸራ ጠዋት ተነቅሎ ታንኳዋ ላይ ቆመ። ነርሷ ያለችበት መንደር በምሥራቅ ነው። የደቡቡ ነፋስ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በፊት ካልደረሱ አበቃለት።

ለእሱ ግን ነገሩ ሁሉ ሕልም ሕልም ይለዋል። ታንኳዋን የሚደግፈው የጎን ግንድ ውሃውን እየሰነጠቀ ያንሾካሹካል። የሞቱት አጎቶቹ ግንዱ ላይ ተደርድረው እግራቸውን ባሕር ውስጥ ያወዛውዛሉ፤ አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩትም። ደስ አለው፤ ደግሞም ፈራ።

ድንገት የነፋሱ አመጣጥ አላማረውም። ባሕር ላይ ያደገ የቬዞ ሰው ተኝቶም ነፋስ ያውቃል።

«አንቺ ሴት! ወዴት ነው የምትወስጂኝ?»

«መንደር ነዋ» አለች ሚስቱ ሱዋፋራ፣ ከኋላው መቅዘፊያውን ይዛ።

«መንደሩ በምሥራቅ! አንቺ ወደ ሰሜን እየነጎድሽ ነው። እንደ ማሲኮሮ ገበሬ ሆንሽ እንዴ? የበቆሎ ማሳ መሰለሽ?»

«የቬላ አባት፣ ጤነኛ ሆኖ የቀረው አፍህ ብቻ ነው። ፊትህን ባለብስህ ‹እንደ ሬሳ አትሸፍኚኝ› እያልክ ሁለት ሽርጥ ባሕር ውስጥ ወረወርክብኝ። ታዲያ ፀሐይ ትጥበስህ? የሸራው ጥላ እንዳይለቅህ ብዬ ነው የምዞረው።»

ማናንጃራ ቀና አለ። እውነትም ጥላው ከግንባሩ እስከ አገጩ ነበር። ፀሐይዋ ፈቀቅ ባለች ቁጥር ይህች ሴት ታንኳዋን አብራ ስታዞር አርፍዳለች። በሃያ ዓመት ትዳራቸው መሪውን የሰጣት ዛሬ ነው፤ ያውም ስለወደቀ። እንባው መጣ፤ አፈረም።

«የቀረሽ ሽርጥ አለ?»

«ያሸረጥኩት ብቻ።»

«አምጪው። ቀጥ አድርገሽ ወደ ምሥራቅ ምሪ።»

ፈትታ ወረወረችለት። በገዛ እጁ ፊቱን ሸፈነ። ጨርቁ ጨውና የእሷን ላብ ይሸታል። ታንኳዋ ስትዞር፣ ሸራው ሲወጠር፣ ግንዱ ከውሃው ተነስቶ ሲወርድ ከታች ሆኖ ሰማ። ጨለማው ግን ከበደው።

«አለህ?» አለችው።

«አለሁ።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አለህ?»

«አለሁ አልኩሽ እኮ! መንገድሽን እዪ!»

ሳቀችና መቅዘፊያውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ጥቂት እንደሄዱ፣ ሳትጠይቀው፣ ራሱ ከጨርቁ ስር «አለሁ» አላት።