ሎርድ አምብሮዝ አያነብም

ሎርድ አምብሮዝ ፌልስቴድ ማንበብ ይችላል፤ ግን አያነብም። ዘር ማንዘሩ ጎራዴ መዛዥ ነው፤ ወረቀት ላይ ማቀርቀር የደሞዝተኛ ሥራ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ በዌስትሚኒስተር፣ የንጉሡ አማካሪዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ፣ አዲሱ ጸሐፊ ጊልበርት ሃስኬት የወረቀት ክምር ሲያቀርብለት፣ የላባ ብዕሩን አንስቶ ዝም ብሎ ይፈርም ጀመር።

«ጌታዬ፣ ይቺን እንኳ ቢያነቧት» አለ ጊልበርት፣ አንዷን ነጥሎ።

«አንተ የፋቂ ልጅ! እጅህ ገና የአባትህን ቆዳ ይሸታል፤ እኔን ልታስተምር? ማንበብ ያንተ ሥራ ነው!»

አማካሪዎቹ መኳንንት እንደ ወትሮው አልሳቁም። ፈገግ ያለው ጊልበርት ብቻ ነው። አምብሮዝ ፈረመ። ጸሐፊው ቀለሙ እንዲደርቅ አሸዋ ነሰነሰበት፣ በማሸጊያው ሰም ላይ ማኅተም አሳረፈ፣ ወረቀቷን በር ላይ ለሚጠብቀው ፈረሰኛ ሰጠ። ፈረሱ እየጋለበ ከግቢው ወጣ።

«በል አሁን» አለ አምብሮዝ፣ «በሎንዶን ግንብ ስለታሰረው ልጄ እንነጋገር። ራልፍን ልጅነት አታሎት ነው። ንጉሡ ይማሩልኝ።»

«ንጉሡማ ነገሩን ለአማካሪዎቻቸው ትተውት ነበር፣ ጌታዬ። ዛሬውኑ አንገቱ እንዲቀላ ሁሉም ፈርመዋል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነበር።»

አምብሮዝ መኳንንቱን አያቸው። ሁሉም ጠረጴዛው ላይ አቀርቅረዋል።

«አላነበብኩትም እኮ!» ብሎ ጮኸ። «አላነበብኩትም!»

ጊልበርት ግልባጩን ከእጅጌው አወጣና ወንበር ሳበለት።

«ይቀመጡ፣ ጌታዬ። እኔ ላንብብልዎት፤ ሥራዬ አይደል?»