ውጭ የተባለችው ኳስ

እስቲ አንተ መልስ፤ በኖራ በተሰመረ መስመር ላይ ኳስ አርፋ ነጭ ብናኝ ቡን ሲል በዓይንህ ብታይ፣ ኳሷ ውጭ ናት ትላለህ?

ሕሊና ገብረ ኪዳን ይህን ጥያቄ ያልጠየቀችው የጎንደር ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ግን ጥያቄዋን ዋጥ አድርጋ፣ አራዳ ባለው የናስር ሱቅ ባንኮኒ ፊት ቆማ፣ በሁለት እጇ የያዘችውን የሱቁን ትንሽ የመሞከሪያ ጌም ማጫወቻ በአውራ ጣቶቿ ትደበድበው ነበር። ስክሪኑ ላይ ነጭ የለበሰ ተጫዋች ራኬቱን ይዞ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል።

"ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ በይ" አለ ሰውአገኝ ከትከሻዋ በላይ አንገቱን አስግጎ። ሰውአገኝ እሷን ያመጣት የባጃጅ ሾፌር ነው። ሒሳቡን ከተቀበለ ሩብ ሰዓት አልፎታል፤ አልሄደም።

"አንተ ሥራ የለህም?"

"አለኝ። ይቺ ነጥብ ትለቅና እሄዳለሁ።"

ነጥቧ አለቀች። ኳሷ ከሣሩ ላይ ነጥራ ምንም ሳትተው ጠፋች። ሕሊና ማጫወቻውን ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

"ይኸም አይሆንም።"

"ምነው?" አለ ናስር። "ካሉኝ ሁሉ ሥዕሉ የሚያምረው እሱ ነው። ላቡ እንኳ ይታያል።"

"ላብ ምን ያደርግልኛል? ኳሷ የት እንዳረፈች ያሳያል ወይ ነው የምልህ።"

"እህቴ፣ አሥር ዓመት ጌም ስጭን ስለ ኳስ ማረፊያ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

"እንግዲያው አሥር ዓመት ሙሉ ቴኒስ የሚያውቅ ሰው አልመጣልህም።"

ሰውአገኝ ሳቀ። ናስር ግን አልሳቀም፤ የልጅቱን አባት ያውቃል።

የጎንደር የሜዳ ቴኒስ ወዳጅ ሁሉ ገብረ ኪዳንን ያውቃል። በወጣትነቱ ቀን የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ውሎ፣ ማታ ማታ በክለቡ ቀይ አፈር ሜዳ ላይ ማንም የማይመልሳት ኳስ የሚመታ ሰው ነበር። ከአራት ወር በፊት ደግሞ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ አልጨብጥም አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወንጌላዊት የላስቲክ ኳስ እንዲጨምቅ ሰጠችው፤ "እኔ ሕፃን ነኝ?" ብሎ መለሰላት። ቢቸግራት ሕሊናን ወደ ጎን ወሰደቻትና "አውራ ጣቱን በቀን አንድ ሰዓት የሚያሠራ፣ እሱ ወዶ የሚይዘው ነገር ፈልጊ። ይህ ክረምት እንዲሁ ካለፈ እጁ እንደዚሁ ይቀራል" አለቻት።

ሕሊና ያገለገለ የጌም ማጫወቻ ገዛች። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ያስጫነችው የቴኒስ ጌም ጭንቅላታቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ አሻንጉሊቶች ነበሩበት፤ ኳሷ በእሳት ተያይዛ ትበራለች። ገብረ ኪዳን አንድ ጊዜ አየውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ቴኒስን መሳቂያ አድርገውታል" አለ። ከዚያ ወዲህ አልነካውም። የማጫወቻው ሚሞሪ ያረጀ ስለሆነ ከአንድ ጌም በላይ አይዝም፤ አዲስ ሚሞሪ ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ምርጫዋ አንድ ነው፤ ከሳተችው አባቷ ዳግመኛ እንደማይነካው ታውቃለች።

አሁን ለዚህ ዕቃ ጌም የሚጭን የቀረው ናስር ብቻ ነው። የናስር አባት ሐጂ ዐብዱረሕማን ደግሞ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ በመስከረም የዋንጫ ፍጻሜ፣ በመጨረሻዋ ነጥብ፣ ከዳኛ ወንበር ላይ ሆነው "ውጭ" ያሉት ሰው ናቸው። ያን ቀን የሰባት ዓመቷ ሕሊና አጥር ላይ ተቀምጣ ነጩ ብናኝ ሲነሣ አይታለች። አባቷ ተከራከረ፤ የሰማው የለም። ራኬቱን መረቡ ላይ ሰቅሎ ወጣ፤ ከዚያች ቀን በኋላ ያን ሜዳ አልረገጠም። የእነዚህን ሰዎች ሱቅም ቤተሰቡ እንዳይረግጥ አዘዘ።

አሁን እሷ ረግጣዋለች። ሐጂም እዚያው አሉ። ሱቁ ድሮ የጨርቅ መደብር ነበር፤ ዛሬ ግማሹን ልጃቸው በስልክና በጌም ሞልቶት፣ እሳቸው በቀረችው ጥግ፣ በአቡጀዲድ ጥቅሎች መካከል፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ እየቆጠሩ ይቀመጣሉ።

"ሁለተኛውን አምጣ" አለች ሕሊና።

ሁለተኛው ሲከፈት ልቧ ዘለለ። ሜዳው ቀይ አፈር ነው። መታች፣ መታች፣ ሰውአገኝ "በግራ፣ በግራ" እያለ ባንኮኒውን ደበደበ፤ ሁለት መንገደኞችም በር ላይ ቆሙ። ኳሷ መስመሩ ዳር አረፈች። ወዲያው ጨዋታው ቆመና ስክሪኑ ላይ የኳሷ ጥላ፣ የመስመሩ ጠርዝ፣ በመካከላቸው ያለው ስፋት ሳይቀር ታየ።

"አየሽ?" አለ ናስር ፊቱ በርቶ። "ይኸ ነው የፈለግሽው። ኮምፒዩተር ነው የሚዳኘው፤ አይሳሳትም።"

ሕሊና ልትስማማ አፏን ስትከፍት ከጨርቁ ጥግ ድምፅ መጣ።

"እሱን አትውሰጂ።"

ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"አባባ፣ ተው እንጂ" አለ ናስር።

"አንተ ዝም በል። የገብረ ኪዳን ልጅ አይደለሽም? ዓይንሽ የሱ ነው። ሦስተኛ አለው፤ የቆየ ነው፤ እሱን ይክፈትልሽ።"

"እኔ ከእርስዎ ምክር ልጠይቅ አልመጣሁም፣ ሐጂ።"

"አውቃለሁ። ቢሆንም ይክፈትልሽ።"

ናስር እያጉረመረመ ሦስተኛውን ከፈተ። ሥዕሉ ሻካራ ነው፤ የሰዎቹ ፊት አይለይም። ሜዳው ግን ቀይ ነው፤ ከመረቡ ጎን ከፍ ባለ ወንበር ላይ ዳኛ ተቀምጧል። ሕሊና ጀመረች። ተጋጣሚዋ ብርቱ ነበር፤ አውራ ጣቷ እስኪቃጠል መለሰችለት። በር ላይ የቆሙት ወደ ውስጥ ገቡ። ከዳር ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ ዳር፣ በመጨረሻ ሙሉ ኃይሏን ሰጥታ ጥግ ላይ ሰደደቻት። ኳሷ መስመሩ ላይ አረፈች፤ ነጭ ብናኝ ቡን አለ።

ዳኛው እጁን ወደ ውጭ ዘረጋ።

"ምን?" አለች ሕሊና። "ምን አልህ አንተ? መስመር ላይ ናት እኮ። አላየህም?"

"ስሕተት ያለበት ጌም ነው" አለ ናስር። "ዳኛው አንዳንዴ ይሳሳታል። ስንቱ ሰው መልሶልኛል መሰለሽ።"

"ታችኛዋን ቁልፍ ተጫኚ፤ ተከራከሪው" አሉ ሐጂ።

ተጫነች። ተጫዋቿ ወደ ወንበሩ ሮጦ መሬቱን በጣቱ እየጠቆመ ተከራከረ። ሕሊና ደጋግማ፣ ጣቷ እስኪነጣ ተጫነች። ፊቷ ቀልቷል። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከእሷ ጋር ዳኛውን ይረግማል።

"ይኸውልሽ" አሉ ሐጂ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አባትሽን አውቀዋለሁ። በሰላም ውሎ እጁን አያነሣም። የማይሳሳት ዳኛ ከሰጠሽው በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። ይህን ስጪው። ሲናደድ ጣቱ ይንቀሳቀሳል።"

ሕሊና ቀና አለች። ሽማግሌው ትክክል ናቸው። ደስታዋ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ዞረ።

"ስለዚህ ዳኛ ይሳሳታል ይላሉ።"

ሙስበሃው ቆመ።

"ሐጂ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ከእርስዎ አፍ ያልወጣውን ነው አሁን ያሉት።"

"ተይ ልጄ። ሰው አለ።"

"ያን ቀንም ሰው ነበረ።"

ሐጂ በርጩማው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

"የዚያን ሌሊት ዝናብ ጥሎ ኖራውን አደበዘዘው" አሉ። "ጠዋት እንደገና ይሰመር ያልሁ እኔ ነኝ። ሜትሩ ያለበት መጋዘን ተቆልፎ ባለቁልፉ ጠፋ። ሰው እየመጣ ነው። ጨርቅ ስሸጥ ክንዴ አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም፤ በክንዴ ለካሁና ሲባጎውን ወጠርሁ፤ አዲሱን ኖራ አፈሰስሁ። የአባትሽ ኳስ ከአዲሱ መስመር ውጭ ነው ያረፈችው። ብናኙ ከአሮጌው ነው የተነሣው።"

"አሮጌው ነበር ልኩ?"

"ማታ ሰው ሲበተን ሜትሩን አስወጥቼ ለካሁት። በዚያ በኩል ሜዳውን አንድ ጋት አጥብቤው ነበር። አሮጌው ነው ልኩ።"

ናስር አባቱን እንደማያውቃቸው ሰው ያያል።

"ታዲያ ዝም አሉ።"

"ለሁለቱም እኩል ጠቧል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።"

"ለሁለቱም ይጥበብ። ኳሷ ግን የአባቴ ነበረች።"

"እውነትሽን ነው።" ሐጂ መሐረባቸውን አወጡ። "ዛሬ ማታ ከናስር ጋር ቤታችሁ ልምጣ። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ከብዶኛል።"

ሰውአገኝ በእፎይታ ራሱን ነቀነቀ። ናስር "ሸጋ ነው፣ እንዲያ ይሁን" አለ። በር ላይ ያሉትም "ይበቃል" አሉ። ሰዎቹ ሕሊናም የተስማማች መሰላቸው።

ሕሊና የመሬት ቀያሽ ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትክል ድንጋይ በምትባለው ከተማ ሜትር እየጎተተች ድንበር ትለካለች። እዚያ የተለካ ድንበር ለባለመሬቱ ብቻ ተነግሮ አይታለፍም፤ አዋሳኙ፣ ጎረቤቱ፣ ሽማግሌው ቆሞ ሲሰማ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ያልተሰማ ድንበር በማግስቱ ሲገፋ ስንት ጊዜ አይታለች።

"አይሆንም፣ ሐጂ" አለች። "'ውጭ' ሲሉ ሦስት መቶ ሰው ሰምቷል። 'ውስጥ' ሲሉ አንድ በሽተኛ ብቻ አይሰማም።"

"ሕሊና" አለ ናስር፣ "ሽማግሌ እኮ ናቸው።"

"አባቴም ሽማግሌ ሆኗል። አንተ ሦስተኛውን ጫንልኝ።"

ናስር እሷ ባመጣችው ማጫወቻ ላይ ጫነው። ሕሊና ማጫወቻውን ተቀበለች፤ በመዳፏ ትንሽ መዘነችው፤ ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ አላስገባችውም። ወደ ጨርቁ ጥግ ሄዳ በሐጂ ጉልበት ላይ አኖረችው።

"ይኸ እርስዎ ጋ ይደር። ነገ ከቅዳሴ መልስ፣ አራት ሰዓት ላይ ክለቡ ውድድሩን ይከፍታል፤ ማይክሮፎን አለ። እኔ አባቴን በሰውአገኝ ባጃጅ አመጣዋለሁ።"

"አመጣቸዋለሁ" አለ ሰውአገኝ። "በነጻ።"

"እርስዎ በእጅዎ ይሰጡታል። ከመስጠትዎ በፊት ግን ያን ቀን የሰማውን ያህል ሰው ቆሞ ይሰማል።"

ሐጂ ማጫወቻውን በሁለት እጃቸው ያዙት። በጌሙ መክፈቻ ሥዕል ላይ ትንሹ ዳኛ እጁን እንደዘረጋ ቆሟል። ሕሊና በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር አለች፤ ድምፅዋ አራዳ ላይ የሚያልፈውን ሰው አስቆመ።

"ሐጂ ዐብዱረሕማን፣ ነገ በሕዝብ ፊት ይመልሱ፤ ኳሷ ውስጥ ነበረች ወይስ ውጭ?"