የእማዬ ቅንድብ

…ጥቁሩን እርሳስ አይደለም፣ ቡናማውን፣ ጥቁሩን ከነክዳኑ ወደ መሳቢያው እመልሰዋለሁ፣ እማዬ ግን ዓይኗን ሳትገልጥ በድምፁ ታውቃለች፣ የቱን መለስሽው፣ ጥቁሩን ነዋ፣ እኔ እኮ የለመድኩት ጥቁር ነው፣ ጥቁር ለጥቁር ፀጉር ነው እማ፣ ያንቺ ጥጥ ሆኗል፣ አፍሽ አያርፍም አንቺ፣ ትላለች፣ አገጯን ግን ቀና ታደርግልኛለች። አገጯ እጄ ውስጥ። ቅልል ያለ። ሰው እናቱን እንዲህ ከቅርብ የሚያየው መቼ ነው፣ ጡት ሲጠባ ይሆናል፣ ያንን ደግሞ ማን ያስታውሳል፣ አሁን ግን ሁሉም ይታየኛል፣ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ያሉት ቀጫጭን ሽብሽቦች፣ መነጽሩ አፍንጫዋ ላይ የተወው ጉድጓድ፣ ከዓይኗ በላይ ደግሞ ምንም፣ ለስላሳ ቆዳ፣ እንደ ክንድ ውስጠኛው በኩል፣ ቅንድብ የሚባል ነገር ዘሩም የለ።

ከየት ነው የሚጀመረው።

ከአፍንጫዋ ጥግ ቀጥ ብለሽ ውጪ ብላኛለች ልጄ፣ ቅድም በስልክ፣ ገና መገላገሏ ነው፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝታ ስለ ቅንድብ ታስተምረኛለች፣ እማ መስመር እንዳታሰምሪ፣ ማርከር አይደለም፣ ፀጉር ፀጉር እያስመሰልሽ፣ አጭር አጭር፣ በአፍንጫ በኩል ሳሳ፣ መሀሉ ጠንከር፣ ጫፉን ወደ ታች እንዳትጎትቺው፣ እማማን አልቃሻ ታስመስያታለሽ፣ ሲያረጁ ፊት ራሱ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ አንቺ ደግሞ አታግዢው፣ እሺ አልኳት፣ ፏ አድርጊያት አለችኝ፣ ሰው ካወቀብሽ ግን ከሰርሽ።

እኔ እንግዲህ የማውቀው መስመር ብቻ ነው። ማዘጋጃ ቤት የቤት ፕላን ስስል ነው የሸበትኩት፣ ግድግዳ ወፍራም፣ መስኮት ቀጭን፣ በር ሩብ ክብ፣ አለቃዬ እጅሽ ማስመሪያ ውጧል ወይ ይለኝ ነበር፣ ወረቀት ግን ዝም ብሎ ይሳልበታል፣ ቆዳ ይሸሻል፣ እርሳሱን ተከትሎ ይመጣል፣ ወጠር አድርጌ ስስለው ያምራል፣ ስለቀው እንደ አኮርዲዮን ይሰበሰባል። አሳያታለሁ። መስታወቱን አንዴ ታቀርባለች አንዴ ታርቃለች፣ ይሄ በረንዳ ነው፣ ግንባሬ ላይ በረንዳ ሠራሽልኝ፣ አፍርሺው። አፈርሰዋለሁ፣ በጥጥና በዘይት።

በሩን ዝጊው ብላ ነው የጀመረችው ዛሬ ጠዋት፣ ቤት ውስጥ ከኛ ሌላ ሰው የለም እማ፣ ዝጊው አልኩሽ፣ ቆልፊው፣ ቆለፍኩት፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፣ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ እርሳሱን ሰጠችኝ።

እዚሁ ቤት ነው ያደግኩት፣ እና አላውቅም ነበር። ማንም አያውቅም። ከሁላችን በፊት ተነስታ፣ ታጥባ፣ ስላ ጨርሳ ነው እኛን የምትቀሰቅሰን፣ ጡረታ ወጥታም እንደዚያው፣ ታማም እንደዚያው፣ እኔ ያወቅኩት የዓይኗ ሞራ ሊነሳላት የሄድን ቀን ነው፣ ነርሷ እርጥብ ጥጥ ይዛ መጣች፣ እማማ፣ በዓይን አካባቢ ማንኛውም ዓይነት ቅባት ክልክል ነው፣ ይጥረጉልኝ፣ ይሄ የራሴ ነው አለች እማዬ ኮስተር ብላ፣ የራስዎ ከሆነማ አይለቅም አለች ነርሷ፣ ጠረገችው፣ ለቀቀ። እማዬ እኔን አላየችኝም፣ ግድግዳውን ነው ያየችው። ኋላ ዓይኗ ታሽጎ ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ነገረችኝ፣ ስለማታየኝ ይሆናል፣ ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር ፋሽኑ ክር የምታህል ቅንድብ ነበረች፣ የታይፕ ክፍሉ ሴት በሙሉ ወረንጦ ይዞ ለቀመ፣ የሌሎቹ ተመልሶ በቀለ፣ የኔ ቂም ይዞ ቀረ፣ አባባስ፣ አባባ ያውቅ ነበር፣ አልኳት፣ አባትሽ ሹፌር ነው፣ መንገድ ነው የሚያየው። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ሞራው ሲጋርዳት እኮ በልማድ ነበር የምትስለው፣ አንደኛው ወደ ግንባሯ ወጥቶ ሁሌ እንደተገረመች፣ ሌላው ወፍሮ ሰው እንደተጣላች፣ ጎረቤቱ ትንፍሽ አላለም፣ ባለሱቁ እንኳን፣ ያ አፉ ክዳን የሌለው፣ ሁላችንም እርጅና ነው ብለን አለፍነው። ማሸጊያው ሲነሳ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፣ አንቺ መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው አለችኝ፣ ዶክተሩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ትንሽ ቆጠቆጠኝ እንጂ። ቤት ስትገባ መስታወት አነሳች፣ ገልብጣ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ ታማለች በይ፣ ተኝታለች በይ፣ ቁስሉ እስኪሽር መቀባት የለም ስለተባለ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ድረስ አውርዳ መኝታ ቤት፣ ለዚህ ነው እንዴ ዓይኗን ያስከፈትነው፣ ግድግዳ እንድታይበት፣ ልጄ ስትወልድ እንኳን ፎቶውን አሳዩኝ ይበቃኛል አለች፣ ሕፃን እኮ ነው እማ፣ ምን ያውቃል፣ እሱ አያውቅም፣ ጠያቂው ግን ዓይን አለው። ልጄ በስልክ አለቀሰችባት፣ ጉንፋን ሲይዘኝ እንኳን ቀድመሽ የምትመጪው አንቺ ነበርሽ እማማ፣ እማዬ ስልኩን መለሰችልኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ ትናንት ከሰዓት ዶክተሩ አሁን መቀባት ይቻላል ሲላት ጫማዋን አየች፣ ምን እያሰበች እንደሆነ አላወቅኩም፣ እጇን እያሰበች ኖሯል።

ቀስ። ሳልወጥር። ትንፋሽዋ አንጓዬ ላይ፣ ሞቅ ያለ። አንድ ፀጉር፣ ከጎኑ ሌላ፣ ትንሽ ዘመም አድርጌ፣ ሌላ፣ እዚህ ጋ ሽብሽብ አለ፣ ከሽብሽቡ ጋር አልጣላም፣ አልፌው ልሂድ፣ አሁን በእርሳሱ ጫፍ ባለው ብሩሽ ነካ ነካ፣ እንዲደበዝዝ፣ ግራው ከቀኙ ከፍ ብሏል፣ ይበል፣ የማን ቅንድብ እኩል ነው፣ የኔ ራሱ ከኋላዋ ባለው የቁምሳጥን መስታወት ይታየኛል፣ ጫፉ ሳስቷል፣ መቼ ሄደ፣ ሳይሰናበት፣ ወረንጦ እንኳን አልነካሁትም፣ ወረፋው ወደኔ እየመጣ ነው ማለት ነው፣ እሺ፣ ይምጣ፣ አትነቃነቂ እማ፣ ጨረስኩ።

ታያለች። የለም እኮ። አለ። የት አለ፣ ከሌለ ምን ለፋሽ፣ አለ እኮ እማ፣ ድሮም የነበረ እንዲመስል ነው፣ ወይ ጉድ፣ እኔ የሌለውን ያለ ሳስመስል ኖሬ አንቺ ያለውን የሌለ ታስመስይልኛለሽ፣ ትላለች፣ መስታወቱን ግን አታስቀምጥም፣ ጭንቅላቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች፣ ወደ ጓዳው ታዞራለች፣ ጥርጣሬዋ ፊቷ ላይ ነው፣ ከዚያ መስታወቱን ትሰጠኛለች፣ ደህና ነው። ከሷ አፍ ደህና ነው። ታክሲ ጥሪ።

ታክሲው ውስጥ ሻርፗን ታወርደዋለች፣ ታወጣዋለች፣ ባለታክሲው በመስታወቱ ያየናል፣ እናቴ አምሮብዎታል፣ ወዴት ነው፣ እማዬ እጄን ትይዛለች፣ ምን አየ፣ ምንም አላየ፣ ሁሉንም አሮጊት እንደዚያ ነው የሚለው፣ ተይኝ አንቺ ደግሞ፣ ታኮርፋለች፣ እጄን ግን አትለቅም። የሆስፒታሉ ሊፍት ተበላሽቷል፣ በደረጃ፣ አንድ ወለል ወጥተን ማረፍ፣ ደግሞ መውጣት፣ ላብ እንዳይመጣ እላለሁ በልቤ፣ ላብ ከመጣ አለቀልን፣ ኮሪደሩ የመድኃኒትና የሳሙና ሽታ፣ ሦስተኛው በር፣ ሰው ሞልቷል፣ የልጄ ባል፣ የባሏ እናት፣ የጎን አልጋዋ ሴት ከነጠያቂዎቿ፣ ሁሉም ዞሮ ያያታል። እማዬ በሩ ላይ ትቆማለች። ልመለስ ትላለች ብዬ ክንዴን አጠነክራለሁ፣ እሷ ግን ክንዴን ትለቅና ትገባለች።

ማንም ግንባሯን አያይም። ወንበር ልቀቁላቸው፣ በዚህ በኩል እናታችን፣ ጎሽ፣ ልጄ ፊቷ አብጦ ከንፈሯ ደርቆ እማማ ትላለች፣ መጣሽ፣ ሕፃኑን ጭኗ ላይ ያስቀምጡላታል፣ እማዬ ታየዋለች፣ ሳትቸኩል፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን፣ ያልተገለጡትን ዓይኖቹን። ይሄም የለውም ትላለች። ምን የለውም እማማ። ቅንድብ። ልጄ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ ስፌቴ፣ እማማ ስፌቴን፣ የባሏ እናት ግራ ገብቷት ይመጣል እኮ፣ ገና ነው፣ ትላለች፣ እማዬ አትሰማትም፣ ታጎነብሳለች፣ ግንባሯን ከሕፃኑ ግንባር ጋር አሻሽታ ታሸተዋለች፣ ቀና ስትል በሕፃኑ ነጭ ኮፍያ ላይ ቡናማ ጭረት።

የቀኙ የለም። የለፋሁበት ቀኙ፣ ባዶ፣ ግራው ብቻውን ቀርቷል፣ ቦርሳዬን እከፍታለሁ፣ ሶፍት፣ እርሳሱ፣ ሰው ሳያይ እንዴት፣ መታጠቢያ ቤት እንሂድ እማ ልበላት፣ የጎን አልጋዋ ሴት አይታለች፣ የልጄ ባል አይቶ አቀርቅሯል፣ እማዬ ኮፍያውን ታያለች። አሁን እኮ ይታያታል። ጭረቱን ታያለች፣ ምን እንደሆነም ታውቃለች፣ እጇ ወደ ግንባሯ ይነሳል፣ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ አውራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አርጥባ ኮፍያውን ትፈትገዋለች፣ አይለቅም፣ በሳሙና ይለቃል ትላለች፣ ለልጄ፣ ሌላ ኮፍያ ስጡኝ፣ ልጁን ይበርደዋል።