በሽተኛ ይቀድማል

የሐኪሟ በሽተኞች አያስሉም፣ አያቃስቱም። ኮራሎች ናቸው። ሲያዩአቸው ድንጋይ ይመስላሉ እንጂ ባሕር ሥር የሚኖሩ፣ የሚበሉ፣ የሚዋለዱ ፍጥረቶች ናቸው። ሲታመሙ ሥጋቸው እንደ አሮጌ ቀለም እየተላጠ ነጭ አጥንት ይቀራል። «ምን እንደሚገድላቸው ድረሺበት» ተብላ ከተላከች ወዲህ ሐኪሟ ተቀምጣ አታውቅም። ቆማ ትበላለች፣ እየተንጎራደደች ታወራለች፣ ሻይዋን ሳትጠጣው ታቀዘቅዘዋለች።

«ጉንዳን ወረረሽ እንዴ ልጄ?» ይላታል ጀልባዋን የሚነዳላት አጎቷ።

አጎቷን አገር ሁሉ ጋሽ ቀደዳ ይለዋል። አንድ ጊዜ ዓሣ ጀልባውን እየጎተተ ሰው አገር አድርሶት ፓስፖርት ተጠየቀ። እሱ አልያዘም፤ ዓሣው ግን ይዞ ነበር አሉ።

ከወደቡ ማዶ አንዲት ትንሽ ደሴት፣ በዙሪያዋም አራት የኮራል መንደሮች አሉ። ሐኪሟ ስትመጣ የታመመው አንዱ ብቻ ነበር። አሁን ሦስቱ ተላልጠው፣ ጤነኛ የቀረው ከደሴቷ ጀርባ ያለው ነው። እሱም ከሄደ ዓሣው ይሄዳል፣ ለጋሽ ቀደዳ የሚቀረው ወሬው ብቻ ነው። ሐኪሟ ሁሉንም በየቀኑ ትዞራለች። መጀመሪያ የምትጠልቀው ከታመሙት ዘንድ፣ መጨረሻ ከጤነኛው ዘንድ ነው። ከብት ስታክም የለመደችው ሕግ ነው፤ በሽተኛ ይቀድማል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የመጥለቂያ ልብሷን ስታወልቅ፣ አጎቷ ገመድ እያሰረ ሳቀ።

«አትቀየሚኝና፣ ቀኑን ሙሉ ባሕር ውስጥ ውለሽም እግርሽ ደረቅ ነው! አንቺ የጠየቅሽው ሁሉ ወዲያው አልጋ ይይዛል። አማቴም እንዲሁ ነበረች፤ ‹እንዴት ዋላችሁ› ስትል ዶሮዎቹ ይሞቱ ነበር።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። እጇ ዚፑ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ጋሼ፣ እስቲ ድገመው።»

«ዶሮዎቹን?»

«አይደለም፤ እኔን።»

መልሱን ሳትጠብቅ ልብሱን እንዳንጠለጠለች ወደ ላቦራቶሪው ሮጠች። ከጓንቷና ከልብሷ ስፌት እርጥቡን ጭቃ ፍቃ ማይክሮስኮፕ ሥር አኖረችው። ከታመሙት ኮራሎች ናሙና ላይ ስታየው የከረመችው ተውሳክ፣ የገዛ ጓንቷ ውስጥ ይርመሰመሳል። ወረርሽኙ የሄደው እሷ በሄደችበት መንገድ ነበር። ከበሽተኛ ወደ ጤነኛ፣ ከበሽተኛ ወደ ጤነኛ። እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ።

በማግስቱ ጠዋት ልብሱም ጓንቱም በርሜል ሙሉ በረኪና ውስጥ ተዘፍዝፈው፣ ሐኪሟ ባዶ እጇን ጀልባው ላይ ወጣች። ከደሴቷ ጀርባ ሲደርሱ «ሞተሩን አጥፋው፣ መልሕቅም እንዳትጥል» አለች።

«አትጠልቂም?»

«ትናንት ነክቼዋለሁ። ይዞት እንደሆነ የሚታየው ገና ከቀናት በኋላ ነው። አልያዘው እንደሆነ ደግሞ ዛሬ ብገባ እኔው አስይዘዋለሁ።»

ተቀመጠች። ተነሣች። ከጀልባው ጠርዝ ጎንበስ ብላ ብታይ ውኃው የራሷን ፊት ብቻ መለሰላት።

«ጋሼ፣ ደህና ይመስልሃል?»

ጋሽ ቀደዳ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ውኃውን አየ፣ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ።

«እንጃ ልጄ። አላውቅም።»

ሐኪሟ ደነገጠች። ይህ ሰው አላውቅም ሲል ሰምታው አታውቅም።

«ምን ነካህ? ዋሸኝ እንጂ!»

አጎቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያውስ ስሚ» አለ፤ «ትናንት አንቺ ስትወጪ አንድ ዓሣ መጥረጊያ ይዞ ከኋላሽ እየጠረገ ነበር…»

«ከዚያስ?» አለች፣ እግሯ የጀልባውን ወለል እየደበደበ። «ከዚያስ?»