የባልቴቷ ትኩሳት

«ዘንጉ ጎብጧል። ስንት ጊዜ ልንገርህ?» አለ አናጺው።

«አልጎበጠም ጋሼ። ቶርኖ ቤት አሳስረን አሽከርክረን አይተነው የለ?»

«እንግዲያው ምን ሆና ነው የምትግለው? ወባ ይዟት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ስምንት ወር ሙሉ ናፍጣ ውስጥ ተዘፍዝፈህ ከርመህ፣ ምን አውቄ?»

የጭቅጭቁ ምክንያት በመካከላቸው ቆማለች። ከአናጺው አባት የቀረች የእንጨት መላጊያ ማሽን ናት፤ በቤቱ «ባልቴቷ» ይሏታል። ሃያ ዓመት ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ከኖረች በኋላ አናጺውና የሚስቱ ወንድም ዝገቷን ፍቀው፣ ሞተሯን አስጠምጥመው፣ ዘንጓን ከሞተሯ ጋር የሚያዞር አዲስ ችንጋ አጥልቀውላት ዛሬ ጠዋት አስነሧት። ሁለት ደቂቃ ሳትዞር ግራ ትከሻዋ፣ የዘንጉ ጫፍ ያረፈበት በኩል፣ እጅ አላስነካ አለ። አጥፍተው አቀዘቀዟት፤ ዘይት ጨመሩላት፤ እንደገና ጋለች። ይኸው እስከ ስድስት ሰዓት እንዲሁ ሆነ።

የአናጺው ሚስት የቫርኒሽ ብሩሿን በጨርቅ እየጠረገች ከበሩ ላይ ቆመች።

«ብረታ ብረት የሚገዛውን ሰውዬ ጠርቼዋለሁ» አለች። «እሷ በተጎለተችበት ቦታ ሦስት አልጋ ይገጣጠም ነበር።»

አናጺው ማሽኗን አየና «ይምጣና ይውሰዳት» አለ። ድምፁ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

የሚስቱ ወንድም ሙያው ብየዳ ነው። ከነበረበት ጋራዥ ሲያሰናብቱት እህቱ ለምናለት ከአናጺ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ገባ፤ ከዚያ ሌላ መጠጊያ የለውም። አናጺው ሲቀበለው ብዙ አልተናገረም፤ አንድ ነገር ብቻ አለው፦ «ከባልቴቷ የሚወጣ ነገር ሁሉ፣ ቆሻሻም ቢመስልህ፣ እኔ ሳላየው አይጣልም። የጣልክ ቀን ልብስህን ጠቅልል።» አናጺው ደግሞ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው። በአንድ መጋዝ የተነሣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሰባት ዓመት ሳይነጋገር ኖሯል።

በያጁ ትኩሳቱ ከየት እንደመጣ ገብቶታል። የገባው ግን ዛሬ ጠዋት፣ ትከሻዋ ሲግል ነው። ባልቴቷ እንደ ዛሬዎቹ ማሽኖች ዘንጓን የሚያንሸራትት ባለ ኳስ ኩሽኔታ የላትም፤ ዘንጓ የሚዞረው ለስላሳ ነጭ ብረት በፈሰሰበት መቀመጫ ላይ ሆኖ ከላይ ክዳን ይታሰርበታል። በመጀመሪያው ሳምንት ክዳኑን ሲፈታ ከሥሩ የጠቆሩ ስስ ቆርቆሮዎች ተጣብቀው አገኘ። የደረቀ ግራሶ መስለውት ልጦ ከአተላው ጋር ደፋቸው። ለካ ክዳኑ ዘንጉን አንቆ እንዳይዘው ያደረጉት እነሱ ኖረዋል።

ዝም ቢል ብረት ገዢው ሚዛን ላይ የምትወጣው ማሽኗ ናት፤ ክፍሉ አይነካም። የአናጺውን እጅ አየ፤ የጋለውን ትከሻ አሁንም አልለቀቀም።

«ጋሼ፣ ከግራው ክዳን ሥር አራት ስስ ቆርቆሮ ነበር። ሁለት በዚህ፣ ሁለት በዚያ። ከቀኙ ሁለት፤ በየጎኑ አንድ አንድ።»

«የት አሉ?»

«ጣልኳቸው። ቆሻሻ መስለውኝ።»

እህቱ ብሩሹን አስቀመጠች። «ይሄ ልጅ ድሮም እንዲህ ነው» አለች። «የታመመ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ጤነኛውን አስነቅሎ የመጣ ሰው ነው።»

አናጺው አልሳቀም። «ውፍረታቸውስ?»

«እንደ ምላጭ።»

አናጺው ከጥራጊው መካከል የለስላሳ ጣሳ አንሥቶ በመቀስ ቀደደው፤ በጣቶቹ መሃል እያሻሸ ለካው፤ ስድስት ቁራጭ አወጣ። በያጁ መፍቻውን ይዞ ወደ ክዳኑ ጎንበስ አለ።

«መፍቻውን ለእህትህ ስጣት» አለ አናጺው፣ ቀና ሳይል።

ሰጣት። እሷ ፈታች፤ አናጺው ቁራጮቹን በየቦታቸው አስተኛ፤ እሷ መልሳ አሰረች። ብረት ገዢው ሚዛኑን ተሸክሞ ብቅ ሲል «ቆይ እስቲ» አለችው፤ ትንሽ ቆሞ ሄደ።

ባልቴቷ ተነሣች። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት። አናጺው መዳፉን በግራ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገና እዚያው ተወው። ቀጥሎ አንድ ጣውላ አጎረሳት። ፍቅፋቂው ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ጣውላው በወዲያ በኩል እንደ ጠረጴዛ መስታወት ለስልሶ ወጣ። ሚስቱ በክርኗ ጫፍ ዳሰሰችው፤ እጇ ዘይት በዘይት ሆኖ ነበር።

በያጁ ከጀርባ ወዳለችው ክፍሉ ገባ። ብርድ ልብሱን፣ ሁለት ሱሪውንና የብየዳ መነጽሩን በአንድ ማዳበሪያ ከተተ። ሲወጣ ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ማሽኗ ላይ አጎንብሰዋል። ችንጋውን እንዳይነካ ግድግዳውን ታክኮ በኋላቸው አለፈ፤ የጎኑን በር ከፍቶ ወጣና መልሶ ገጠመው።

«ጠረጴዛዋን ትንሽ ከፍ አድርጊው» አለ አናጺው። «ትንሽ አልኩሽ እኮ። እንደሱ። በይ ሁለተኛውን ጣውላ አምጪው።»