የመቀነስ ምልክት ያላት ዜሮ

ሺንቹ ከተማ በሚገኘው ቢሯችን የእኔ ድርሻ፣ ፕሮግራምን እየሮጠ ሳለ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ክፍል ማፍጠን ነበር። ቁጥሮቹ ቀድመው የሚታወቁ ስሌቶችን አስቀድሞ ሠርቶ ያስቀምጣል፤ ለቀሩት ደግሞ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሚመጣ ይገምታል። ግምቱ ከሳተ ምንም ሳይገምት ደረጃ በደረጃ ወደሚያሰላው ዝግተኛ መንገድ መመለስ አለበት። ይህን የሚፈትኑት እትዬ ሱ-ቺን ነበሩ፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት።

አንድ ማክሰኞ ፈተናቸው ሥራዬን ጣለው። ዜሮ በነጌቲቭ አምስት ሲባዛ ዝግተኛው መንገድ «ነጌቲቭ ዜሮ» ይላል። የእኔው ፈጣን ግን ውጤቱን ሙሉ ቁጥር ነው ብሎ ስለሚገምት ምልክቱን ጥሎ «ዜሮ» ይላል።

ስብሰባ ላይ ቀለድኩባቸው። «እትዬ፣ ገበያ ውስጥ ዜሮ ጉዋቫ ቢሰርቁብዎት ስንት ጎደለብዎት?»

ሁሉም ሳቀ።

«ሳቅ፣ ሳቅ» አሉኝ። «ምልክቱ ከየት በኩል እንደመጣ ነው የሚናገረው። ጣለውና ግራው ቀኝ ሲሆን ታየዋለህ።»

ሥራው ሐሙስ መድረስ ነበረበት። ረቡዕ ፈተናቸውን ከፍቼ ትክክለኛ ተብሎ የተጻፈውን መልስ ወደ ዜሮ ቀየርኩት። ከአርባ ፋይሎች ለውጥ ጋር ደባልቄ «የኮድ ጽዳት» ብዬ አስገባሁት። ፈተናው አለፈ።

ከወር በኋላ ለዓሣ አጥማጆች ወደብ የነፋስ አቅጣጫ ማሳያ የሚሠራ ደንበኛ አቤት አለ። መርፌው መጀመሪያ ደህና ይሠራል፤ ፕሮግራሙ ጥቂት ደቂቃ ሮጦ ፈጣኑ መንገድ ሲረከበው ግን አልፎ አልፎ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ሰዎቹ ምንም ያልሆነ መሣሪያ ሲፈቱና ሲገጥሙ አሥር ቀን ዝናብ ላይ ቆመዋል።

አለቃችን ጋኦ የዚያን ፈተና ፋይል ግድግዳው ላይ አሳየ። አናቱ ላይ የእትዬ ሱ-ቺን ስም አለ።

«እትዬ፣ ይቺን ስህተት እንዴት አሳለፏት?»

«እኔ እንጃ» አሉ ቀስ ብለው። «ተሳስቼ ይሆናል።»

አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንደ ወትሮው አብረን ምሳ በላን፤ ከሩዛቸው ላይ የአሳማ ሥጋ ቆርጠው ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ።

በአምስተኛው ቀን አልቻልኩም። ሁሉም ባለበት ተነሥቼ «ፈተናውን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ጋኦ ብዙ ተናገረኝ።

ኋላ ደረጃው ላይ ጠበቅኳቸው። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ዓይኔን ልመረመር ሄጄ ነበር» አሉኝ። «ያረጀሁ መስሎኝ። ከትናንት ወዲያ የለውጡን መዝገብ ሳየው ስምህ ተጽፎበታል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አንተስ? ያን ሥጋ ስትውጥ ጉሮሮህን አላነቀህም?»



ስህተቱን ለማረም ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ውጤቱ ዜሮ ሲሆንና ከሚባዙት ሁለት ቁጥሮች አንዱ ነጌቲቭ ሲሆን ግምቱን ትቶ ወደ ዝግተኛው መንገድ እንዲመለስ አደረግኩ። እሳቸው ሃያ ሦስት አዳዲስ ፈተናዎች ጽፈው አንድ በአንድ አስኬዱበት፤ እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

«አልፏል» አሉ፣ ዞር ብለው ሳያዩኝ። ቦርሳቸውን አንሥተው ከሌሎቹ የቢሮው ሴቶች ጋር ምሳ ሊበሉ ወረዱ።